ጥርሱ ነው እየተባለ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ሕፃናት ጥርስ አወጣጥ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ቢበዛ ስምንት ዘጠኝ ቢመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ከመንዝ፣ ከይፋት፣ ከምንጃር፣ ከዚሁ ከደብረ ብርሃንም ጎረፈልኝ። ሁሉንም መመለስ አልችልም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስም ሳልጠራ አገራችሁን ብቻ እየጠቀስኩ እሞክራለሁ።

ሳነብ አንዲት አባባል ተደጋገመችብኝ። «ጥርሱ ነው አሉኝ።» ልጁ ቢያለቅስ ጥርሱ ነው። ቢያስቀምጠው ጥርሱ ነው። ቢያተኩሰው፣ ቢያስለው፣ ጡት እምቢ ቢል ጥርሱ ነው። ያ ምስኪን ጥርስ ገና ከድድ ሳይወጣ ስንት ነገር ተሸክሟል! በዚህች አባባል ላይ ቂም አለኝ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

«ልጄ 7 ወር ሊሞላው ነው። ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ ሌሊት እየነቃ ይነጫነጫል። የታችኛው ድዱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታየኛል። እኛ ቤት ፍሪጅ የለም። በምን ላስታግስለት?» እናት፣ ከመሀል ሜዳ

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ይኼስ እውነትም ጥርስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ብቅ የሚሉት የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ናቸው። በ6 ወር አካባቢ ይጀምራል። በ4 ወሩ የሚያወጣም፣ ዓመት እስኪሞላው በድዱ ብቻ የሚስቅም አለ። ሕመሙ የሚጠናው ጥርሱ ሊወጣ 4 ቀን ገደማ ሲቀረው ጀምሮ፣ ከወጣ 3 ቀን እስኪሆነው ድረስ ነው። ለአንድ ጥርስ ሳምንት ገደማ ታገሺ። ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ካለቀሰ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የምትጠቀሚበት ዕቃ ጣትሽ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ። ከዚያ በጣትሽ ለስላሳ በኩል ያበጠውን ድድ ጫን እያልሽ እሺው። ጥርሱ ከሥር ይገፋል፤ አንቺ ከላይ ስትጫኚው ይቀለዋል። ልጁ ያገኘውን የሚነክሰውም ለዚሁ ነው እንጂ ተንኮል ይዞት አይደለም። መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል። ቀጥሎ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ጣትሽን እንደ ጡት መሳብ ይጀምራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ፍሪጅ የለኝም ብለሽ አትዘኚ፤ መሀል ሜዳ ተቀምጠሽ ፍሪጅ ምን ሊያደርግልሽ? ውሃ አፍዪ። ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ እናንተ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ መቶ አይደርስም። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እሳቱ ላይ ተይው። ከድነሽ አቀዝቅዢው። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ነጠላ ቁራጭም ይሆናል፣ በዚህ ውሃ ነክረሽ ጭመቂውና ክዳን ባለው ሳሕን መስኮት አጠገብ አሳድሪው። ጠዋት ስትነኪው በረዶ ነው። ጫፉን ቋጥረሽ ቋጠሮውን ለልጁ፣ ሌላውን ጫፍ ለራስሽ። በውርጭ ሰሞን ጠጥሮ ካደረ ግን በእጅሽ ትንሽ አሙቂው፤ የጠጠረ በረዶ ድድ ያቆስላል። ፍሪጅ ያላችሁም ብትሆኑ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡት፣ ታችኛው ክፍል ይበቃል። ጨርቁ በየቀኑ ይቀየር፣ ይቀቀል።

ሱቅ የሚሸጡት የሚነከሱ የላስቲክ ቀለበቶችም ያው ሥራ ይሠራሉ። ከገዛሽ ውስጡ ፈሳሽ የሌለበትን፣ የማይሰነጠቀውን ምረጪ። እኔን ከጠየቅሽኝ የነጠላው ቁራጭ ይበልጣል፤ ደግሞ በነጻ ነው።

መንዝ ውስጥ ሕፃን ከሁሉ አስበልጦ የሚያኝከው ባና፣ ያ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው። እናንተ ጋ የሌለበት ቤት የለምና! ፀጉሩ እየተነቀለ ጉሮሮው ላይ ይለጠፍበታል። ያስለዋል፣ ያስታውከዋል፣ ከዚያ ሰው «ጥርሱ ነው» ይላል። ማታ የባናውን ጠርዝ በስስ ጨርቅ ሸፍኚው። አዝለሽው ስትሄጂ ደግሞ የአንቀልባውን ጠፍር ያገኛታል። የእኔም ሦስቱ ልጆች እሱን ነበር የሚወዱት። ግን ስንት ዓመት ላብ የጠጣ ቆዳ ነው! ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልይበት።

ለሃጩ አገጩንና አንገቱን ያቀላዋል። በደጋው ንፋስ ሲደርቅበት ይሰነጠቃል። ሳትፈትጊ በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂው፣ ከመተኛቱ በፊት ቫዝሊን በስሱ ቀቢው። የደረቱ ጨርቅ ሲርስ ቶሎ ቀይሪ፤ እርጥብ ደረት በዚያ ብርድ ጥሩ አይደለም።

ካሮት ስጪው፣ ደረቅ ዳቦ ስጪው ይሉሻል። ሁለት ጥርስ ያለው ልጅ ጥሬ ካሮት መግመጥ ይችላል፣ ማድቀቅ ግን አይችልም። የተገመጠው ቁራጭ ያንቀዋል። ቆሎማ በጭራሽ። 6 ወር ከሞላው ቀዝቀዝ ያለ ለስላሳ ገንፎ ድዱንም ሆዱንም ያስደስተዋል።

በዚህ ሁሉ አልተኛ ካለ የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ አለ። መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። 8 ኪሎ የሆነ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይወስዳል ማለት ነው። ሽሮፑ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን መድኃኒት ቤቱ ልጁን መዝኖ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍልሽ። በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም፣ በመካከሉም ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። በቤት ማንኪያ አትለኪ፤ ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

«ልጄ 9 ወሯ ነው። ሦስት ቀን አተኮሳት፣ ያስቀምጣታልም። እናቴም ጎረቤቶችም ጥርሷ ነው፣ ሲወጣ ይተዋታል አሉ። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። አባት እንዲህ ማለቱ ያስቃል?» ከሸዋ ሮቢት

አያስቅም ወንድሜ። ይህን ስታነብ ልጅህን አቅፈህ ጤና ጣቢያ እየሄድክ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ጥርስ ሙቀትን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ግን አያደርስም። ለሦስት ቀን የቆየ ትኩሳት በፍጹም የጥርስ አይደለም። እናንተ ደግሞ ቆላ ናችሁ፣ ከ1300 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ላይ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከላይ ካፖርት የለበሰ እናንተ ጋ ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። አብሮ የሚለወጠው በሽታውም ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያተኮሰው ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ደሙ ለወባ መታየት አለበት። ጣት ወግቶ በአንድ ጠብታ ደም የሚያሳየው ምርመራ ጤና ኬላም ይገኛል፣ ውጤቱም ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ይታወቃል። በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ «ጥርስ ይሆናል» ብሎ ማደር ቁማር ነው።

ተቅማጡስ? ጥርስ አያስቀምጥም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አብረው ይመጣሉ? ጊዜያቸው ስለሚገጥም ነው። በ6 ወር አካባቢ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሆናል። ከእናቷ በማሕፀን ሳለች ያገኘችው መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል። ምግብ ትጀምራለች፣ ከምግቡና ከዕቃው ጋር ጀርም ይገባል። ድዷ ስለሚያሳክካት ደግሞ ከመሬት ያነሳችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ጥርሱ ራሱ ምንም አላደረገም፤ እዚያው ቦታ ቆሞ የተገኘ ምስክር ነው።

አሁን የምታደርገው ይኸውልህ። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት፣ በ1 ሊትር አፍልተህ ባቀዘቀዝከው ውሃ በጥብጥ። ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያልክ አጠጣት። ካስታወከች 10 ደቂቃ ጠብቀህ እንደገና ጀምር። የተረፈው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ጡት አይቋረጥም፣ እንዲያውም ይብዛ። ጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጧችኋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም ያዘዙልህን ቀን ሙሉ ጨርስ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃታት፣ የሰጠሃትን ሁሉ ካስታወከች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም ደንዝዛ አልነቃ ካለች ሌሊትም ቢሆን አትጠብቅ። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ደግሞ ምንም ሌላ ምልክት አያስፈልግም፣ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው።

ቂሜን ልንገራችሁ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ 8 ወሯ ሳለ እንዲሁ አተኮሳት። እኔ ነርስ ነኝ፣ ሰው እመክራለሁ። ጆሮዋን እየጎተተች ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰች። አማቴ «ጥርሷ ነው» አሉ፣ እኔም ደክሞኝ ስለነበር እሺ አልኩ። ሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትራሷ ላይ ሽታ ያለው ቢጫ ፈሳሽ አየሁ። የጆሮ ኢንፌክሽን ኖሯል፣ ታምቡሩን ቀዶ ወጣ። ዳነች፣ አሁን ከእኔ በላይ ትሰማለች። ያ ትራስ ግን ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

«ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኛ ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ግግ ነው ብለን እናስወጣለታለን። ስንቱ ድኖልናል። አሁን ልጄ አይሆንም አለችኝ። እናንተ የተማራችሁት ሁሉን ነገር ትከለክላላችሁ። ለምን?» ከሞላሌ አካባቢ፣ አንዲት አያት

እማማ፣ ስለጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ያከበርኩት የእርስዎን ነው፤ ለልጅ ልጅዎ ብለው ነውና የሚጨነቁት።

ግግ የሚሉት ያ ድድ ላይ የሚታየው እብጠት ምን እንደሆነ ልንገርዎት። ያልወጣ ጥርስ ነው። ሕፃን ሲወለድ 20ውም የወተት ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መሠራት የጀመሩት በማሕፀን ነው። ክራንቻ የሚወጣበት ቦታ ከሌላው ድድ ከፍ ብሎ ነጣ ይላል። ያ በሽታ አይደለም፣ በጤነኛውም ልጅ አፍ አለ። ልዩነቱ የጤነኛውን ልጅ አፍ ከፍቶ የሚያይ የለም። ልጁ ሲታመም አፉ ይከፈታል፣ እብጠቱ ይታያል፣ ጥፋቱ በእሱ ይላከካል።

ግግ አውጪው በመርፌም ሆነ በሽቦ ድዱን ፈልፍሎ የሚያወጣው ነጭ ለስላሳ ነገር ትል አይመስልም? ትል አይደለም፣ ገና ያልጠነከረ የልጁ ክራንቻ ነው። ሳይነካ ቢቆይ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይወጣ ነበር። ከሥሩ ደግሞ የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አለ። አንዳንዴ እሱም አብሮ ይጎዳል፣ ልጁ አድጎ ጥርሱ ተጣሞ ወይም ጎድሎ ይወጣል። ከዚያ የባሰው ደሙና ቁስሉ ነው። ያስቀመጠው ልጅ መጀመሪያውንም ፈሳሽ አልቆበታል፤ በዚያ ላይ ደም ሲፈሰው አቅም ከየት ያመጣል? መሣሪያው ካልተቀቀለ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል፤ ኤች አይ ቪም፣ የጉበት በሽታም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይጓዛል።

«ስንቱ ድኖልናል» ያሉትም እውነት ነው፣ አልክድዎትም። አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል። ግግ ያስወጣው ይድናል፣ ያላስወጣውም ይድናል። ያልዳኑት ግን አይቆጠሩም እማማ። እነሱን «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላቸዋለን።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አንቀጽ 561 ላይ የወተት ጥርስ ማውጣትን እንጥል ከመቁረጥ ጋር አንስቶ፣ ሕፃን ለሞት ከተዳረገ እንደሚያስቀጣ ይናገራል። ይህን የምነግርዎት ላስፈራራዎት አይደለም። ልጅዎ «አይሆንም» ያለችው ከእርስዎ ጋር ተጣልታ እንዳልሆነ እንዲያውቁላት ነው። ለልጁ ኦ አር ኤሱን በማንኪያ ማጠጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወጣት እናት ቶሎ ይሰለቻታል። እርስዎ ካልተቀመጡለት ማን ይቀመጥለታል? ጉልበትዎ ላይ ያድርጉትና ያጠጡት።

«ድዱ ላይ ትንሽ አረቄ በጥጥ ብንቀባለትስ? አያቶቻችን ያደርጉት ነበር።» ከደብረ ብርሃን

ከተማችን በአረቄዋ ስም ቢኖራትም ደንበኞቿ እዚህ ዕድሜ ላይ መጀመር የለባቸውም። አልኮል የሕፃንን የደም ስኳር በድንገት ያወርዳል፣ ትንፋሹንም ያዳክማል። ጠብታም ቢሆን አይሆንም። ማር መቀባትም ከዓመት በታች ክልክል ነው፤ ማር ውስጥ አንዳንዴ የሚገኝ ጀርም ሕፃን ሆድ ውስጥ መርዝ ይሠራል። ጤና አዳም ጨምቆ ማጠጣትንም ተዉት።

«ቀን ፋብሪካ ነው የምውለው። ልጄን የምትይዘው የ17 ዓመት ሠራተኛ ናት። መድኃኒት ቤት ድድ የሚያደነዝዝ ጄል ሰጥተውኝ ባለቀሰ ቁጥር ቀቢው ብያታለሁ። ልክ ነኝ?» እናት፣ ከደብረ ብርሃን

ማሸጊያውን አንብቢ። ቤንዞኬይን ወይም ሊዶኬይን የሚል ካለበት አትቀቢው፣ ጣይው። በቤንዞኬይን ምክንያት ደም ኦክስጅን መሸከም የሚያቅተው ሕፃን አለ፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። በብዛት አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ለሞት ያደርሳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 2018 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሸጥ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ጥቅሙም ያን ያህል አይደለም። በለሃጩ ታጥቦ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፣ ሲውጠው ጉሮሮውን ያደነዝዘዋል፣ ምራቁ ትን ይለዋል። «ባለቀሰ ቁጥር» ያልሻት ደግሞ ከሁሉ ያስፈራኛል፤ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ያለቅሳል?

ልጅቷን አትውቀሻት፣ ያልሻትን ነው ያደረገችው። ይልቅ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ሦስት የቀዘቀዙ ጨርቆች ክዳን ባለው ሳሕን አስቀምጪላት። ጣቷን ታጥባ እንዴት እንደምታሽለት አንድ ጊዜ ፊትሽ ታድርገው። ማርና ስኳር ጡጦ ላይ ቀብታ እንዳትሰጠው ንገሪያት። የስልክ ካርድም አስቀምጪላት። ካተኮሰው ወይም ካስቀመጠው ጥርስ ነው ብላ ሳትጠብቅ ትደውልልሽ።

«ጡት ስሰጠው ይነክሰኛል። ስጮህ ይስቃል። ላስጥለው ወይ?» ከደብረ ሲና

መጮህሽ እኮ ጨዋታ መስሎታል! ልጅ እየጠባ መንከስ አይችልም፤ ምላሱ የታችኛውን ጥርስ ሸፍኖት ነው የሚጠባው። የሚነክሰው ሲጠግብ፣ ወይም እንቅልፍ ሲወስደው፣ ወይም ድዱ ሲያሳክከው ነው። ስለዚህ ከማጥባትሽ በፊት ቀዝቃዛውን ጨርቅ አስነክሺው። ሲጠባ ፊቱን እይ፤ መዋጡን ትቶ መጫወት ሲጀምር ቶሎ አውጪው። ከነከሰ አትጎትቺ፣ ትቆስያለሽ። ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂው። ድምፅሽን ሳትጨምሪ «አይሆንም» በይውና ጡትሽን ለደቂቃ ሸፍኚ። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። አታስጥዪው፤ ሌላ ምግብ እየጨመርሽ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባት ይቻላል።

«ክርስትና ሲነሳ ያሰርንለትን ማተብ ቀን ከሌት ያኝከዋል። ጥቁር ለሃጭ ይወጣዋል። በጥሰን እንዳንጥለው ማተብ ነው።» ከመሐል አምባ

ማንም በጥሱት አላላችሁም። አጭር ይሁን፣ አገጩን አልፎ አፉ አይድረስ። ተንጠልጥሎ የቀረ ጫፍ ካለው ቁረጡት። ትንሽ መስቀል ወይም ዶቃ ካለበት ለጊዜው አውጥታችሁ አስቀምጡ፤ ተበጥሶ ቢገባ ያንቀዋል። ጥቁሩ ለሃጭ የክሩ ቀለምና እድፍ ነውና ማተቡን በአዲስ ንጹሕ ክር ቀይሩት። ሲተኛ ግን አንገቱ ላይ ምንም ነገር ባይኖር እመርጣለሁ። እንቅልፍ ላይ ክር የታነቀ ልጅ ድምፅ አያሰማም። አውልቆ ራስጌ ላይ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ልጅ አላቸው፣ ይገባቸዋል።

«የላይኛው ቀድሞ ወጣ። ችግር አለው?» ከእነዋሪ

የለውም።

«ልጄ 13 ወር ሆናት፣ አንድም ጥርስ የለም። ጎረቤቴ የ5 ወር ልጅዋ ሁለት አለው እያለች ታበሳጨኛለች።» ከአንኮበር

ጎረቤትሽን ተያት። አባቷን ወይም አንቺን ሕፃን ሳላችሁ ያሳደጉትን ጠይቂ፤ መዘግየት ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። እስከ 18 ወር ካልወጣ ግን ሐኪም ይያት።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሻለሁ። ልጅሽ ፀሐይ ታገኛለች? ደጋው ላይ ብርዱን ፈርተን፣ ቡዳውንም ፈርተን ልጁን ተሸፋፍኖ ቤት ውስጥ እናሳድገዋለን። ፀሐይ ያላገኘ አካል ቫይታሚን ዲ አይሠራም፣ ያለ እሱ አጥንትም ጥርስም አይጠነክርም። ሪኬትስ የሚባለው ነው። ምልክቶቹን ተመልከቺ። እርግብግቢቷ አሁንም ሰፊ ነው? የእጇ አንጓ ወፈር ብሏል? ላብ ያጠምቃታል? ለመቆም ስትሞክር እግሯ ይጎብጣል? ከእነዚህ አንዱ ካለ 18 ወር አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ከሌለም ጠዋት ጠዋት ንፋስ በማያገኝበት ግድግዳ ሥር እግሯንና እጇን ገልጠሽ አሙቂያት። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይሠራም። ቅባትም አያስፈልግም።

«ሁለት ጥርስ ላለው ልጅ መፋቂያ ይሰጠዋል? ደግሞ መተሐራ ያሉ ዘመዶቻችን ጥርሳቸው ቡናማ ነው። የፍሎራይድ ሳሙና እፈራለሁ።» አባት፣ ከአረርቲ

መፋቂያው ይቆይ፣ እንጨቱ ይሰነጠቅበታል። የመጀመሪያው ጥርስ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ግን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ጠዋትና ማታ ይጠረግ። የጥርስ ሳሙናው የአንዲት ሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ።

የዘመዶችህ ጥርስ የበለዘው በሳሙና አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደ መተሐራና ወንጂ ባሉ ቦታዎች የከርሰ ምድሩ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ አለው። ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ያንን ውሃ ጠጥተው ያደጉ ልጆች ጥርስ ይበልዛል። ማፍላት ፍሎራይድ አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይብሳል። የምትጠጡት ከጉድጓድ ከሆነ ውሃው ተመርምሮ እንደሆነ የወረዳችሁን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የበዛ ከሆነ ለልጁ የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ፣ አፍልታችሁ ስጡት።

ከፍሎራይዱ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ማታ ጡጦ ሙሉ ስኳር ያለው ሻይ ይዞ የሚተኛው ልጅ ነው። የላይኞቹ አራት ጥርሶች ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠቁረው ይረግፋሉ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይለወጣል» ማለትም አያዋጣም፤ የኋለኞቹ የሚለወጡት 10 እና 12 ዓመት አካባቢ ነው። እስከዚያ በምን ያኝክ?

«ሚስቴ ሌሊቱን ሙሉ ትነቃለች። እኔ ጡት የለኝ፣ ምን ልሥራ?» ከደብረ ብርሃን

ጡት የማይጠይቀው ሥራ ይበዛል። ጨርቁን አፍላ፣ አሳድር። ልጁ ሲነሳ መጀመሪያ አንተ ተነሳ፤ ብዙ ጊዜ ርቦት አይደለም፣ ድዱ ነው። ጣትህን ታጥበህ እሽለት። አልተኛም ካለ አንቀልባው ውስጥ ክተተውና ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በል። ወንድ አንቀልባ አያዝልም የሚል ጎረቤት ካለህ በሌሊት ማን ያይሃል? ጀርባህ ላይ ሲሆን ትከሻህን ይነክሳል፣ ጃኬትህን በለሃጭ ያርሳል፣ ከዚያ ይተኛል። ማሰሪያውን ግን ቀን ላይ ተለማመደው። በጨለማ እየሞከርክ ሚስትህን «ይኼ በየት ነው የሚታሰረው?» ብለህ እንዳትቀሰቅሳት።